«ማን ጣለ?» ብቻ ሳይሆን «እንዴትና መቼ?»

የሒሳብ መምህር ደብተር ሲያርም የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይቶ አያልፍም፤ ተማሪው ወደ መልሱ የደረሰበትንም መንገድ ይመረምራል። በትግል ስፖርት የሚሠለጥኑ ልጆች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት «አሸነፍክ ወይስ ተሸነፍክ?» ተብለው ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ ከተመዘኑ በጉልበቱ የሚያሸንፈው ሳይማር ይቀራል፤ ተሰጥኦ ያለው ደግሞ በአንድ ሽንፈት ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ይችላል።

በነጻ ትግል ውድድሩ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የሆኑ ሁለት ዙሮች አሉት። የቆመ ተጋጣሚውን ምንጣፉ ላይ ጥሎ የተቆጣጠረ 2 ነጥብ፣ ከመስመር ያስወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። በ10 ነጥብ የበለጠም ጊዜው ሳያልቅ ያሸንፋል።

ይሁን እንጂ ነጥብ ሁሉንም ነገር አይነግረንም። ቴክኒክ ማለት አያያዝ፣ ሚዛን አጠባበቅና አጣጣል ሲሆን፣ ታክቲክ ደግሞ እነዚህን መቼና የት መጠቀም እንደሚገባ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ86 ኪሎ ግራም ፍጻሜ ኢራናዊው ሐሰን ያዝዳኒ አሜሪካዊውን ዴቪድ ቴይለርን 3 ለ 2 ይመራ ነበር። ሊጠናቀቅ ከ20 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሲቀር ቴይለር እግሮቹን ይዞ ጣለውና 4 ለ 3 አሸነፈ። ታዲያ ያዝዳኒ ቴክኒክ አያውቅም ሊባል ነውን? በዚያው ዓመት በኦስሎ የዓለም ሻምፒዮና ያንኑ ቴይለርን 6 ለ 2 ረትቶታል።

እንግዲያው እንዴት እንመዝን? ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓምድ ልጁ ለመጣል ስንት ጊዜ እንደሞከረና ስንቱ እንደተሳካለት ይመዝገብ። 8 ሞክሮ 2 የተሳካለትና 3 ሞክሮ 2 የተሳካለት እኩል 4 ነጥብ ቢያገኙም የሚያስፈልጋቸው ሥልጠና አንድ አይደለም። በሁለተኛው ዓምድ ስንት ጊዜ እንደተሞከረበትና ስንቱን እንደተከላከለ ይጻፍ። ሦስተኛው የታክቲክ ዓምድ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በስንተኛው ደቂቃ፣ እየመራ ወይስ እየተመራ፣ በምንጣፉ መሐል ወይስ በመስመሩ አጠገብ እንደተገኘ ወይም እንደታጣ ያሳያል። ለምሳሌ ነጥብ የሚያጣው ሁልጊዜ በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ከአጣጣሉ ይልቅ በትንፋሹ ወይም በጊዜ አጠቃቀሙ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ለመስጠት ግን አንድ ግጥሚያ አይበቃም፤ ከተለያዩ ተጋጣሚዎች ጋር የተደረጉ በርካታ ውድድሮች ሊታዩ ይገባል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ከውድድር ሲመለስ ከ«አሸነፍክ?» በፊት «ዛሬ ምን ሞከርክ? የትኛውስ ተሳካልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ለአሠልጣኙም ለልጁም የነገ ትምህርት ይሆናል።