ከጀልዴሳ እስከ ጊደር መጋላ

የሐረሩ ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስታችሁ ማኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደጃፍ ላይ ዘርግተው ሲያንቀጫቅጩ እየሰማችሁ ብትወርዱ፣ የሚያደርሳችሁ እዚያ ነው። የሥጋ ገበያው ቅስት በሮች፣ ከላያቸው የሚያንዣብቡት አሞሮች፣ የቅመሙ ሽታ ይቀበላችኋል። መንገዱ ግን ጠባብ ነው። የተጫነ አህያ ሲመጣ እግረኛው ግድግዳ ይጠጋል። ሁለት አህዮች ፊት ለፊት ሊገናኙ ሲሉ፣ አንዱ ነጂ ቀደም ብሎ ሰፋ ያለ ማዕዘን ይፈልግና አህያውን አቁሞ ሌላውን ያሳልፋል። ስለ ወደብ መጨናነቅ በተወራ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ማዕዘን ነው።

ወደብ የሚጨናነቀው ክሬኑ ስለዘገየ ብቻ አይደለም። አንድ መርከብ አንድ ሺህ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር አራገፈ እንበል። ከባድ መኪናው አንድ፣ ተሳቢው አንድ ቢጭኑ አምስት መቶ መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው። አምስት መቶው በአንድ ጠዋት በወደቡ በር ላይ ከተደረደሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ ዲክላራሲዮኑ ባያልቅለት ከኋላው ያለው ሁሉ ቆመ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ከበሩ ወዲያ ማዶ ነው፤ መኪናው የት ይጠብቅ? በስንት ሰዓት ይጠራ? ወረቀቱ ከመጠራቱ በፊት ማለቁን ማን ያረጋግጥ?

ሐረር ይህን ጥያቄ የኖረች ከተማ ናት። ከዘይላ ወደብ የሚነሳው ሲራራ የኢሳዎችን ግመሎች ይዞ የሚመጣው ከተራራው ሥር እስካለችው ጀልዴሳ ድረስ ነበር። እዚያ ጭነቱ ይራገፍና ወደ ደጋው በሌሎች የጭነት ከብቶች ይወጣ ነበር። ግመል የሚያከራየውንና መንገድ የሚያስከብረውን ሰው አባን ይሉት ነበር፤ ያለ እሱ እንግዳ ነጋዴ አይንቀሳቀስም ነበር። የዚህ አሠራር መነሻ የእያንዳንዱ ጎሳ በየምድሩ ላይ ያለው መብት ነው። ውጤቱን ሳየው ግን፣ ሲራራው በሙሉ ባንድ ጊዜ ከተማዋ ደጃፍ ላይ እንዳይወድቅ ከሩቅ የሚከፋፍል መላ ሆኖ አገኘዋለሁ። ዛሬ ደረቅ ወደብ የምንለው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ቀጥሎ ያለው የከተማዋ ግንብ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሳንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሲመሽ ይዘጉ፣ ሲነጋ ይከፈቱ ነበር። እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 ሲደርስ፣ ረጅም በትር የያዘ በረኛ መልእክቱን ወደ አሚሩ ወስዶ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ጠብቋል። እኔ ያንን በትር የያዘ ሰው አከብረዋለሁ፤ መጪው ማን እንደሆነ ከውስጥ ሳይታወቅ በሩን አይከፍትም።

እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ገባ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ውድ ነበርና ሐዲዱ ቆላውን መረጠ፤ ከባዱ ጭነትም አብሮት ወረደ።

አሁን ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላዩ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በበረታ ጊዜ የእርዳታ ስንዴውና የአፈር ማዳበሪያው ተገጣጥመው ደርሰው መርከቦች ባሕር ላይ ተሰለፉ። ስንዴው ይቅደም ወይስ ማዳበሪያው? አንዱ የዛሬ ረሃብ፣ ሌላው የከርሞ አዝመራ ነው። የዚያን ዓመት ወረፋ ከባድነት እዚህ ላይ ነበር።

ሌላው ዓለም የሞከረው አለ። የአሜሪካዎቹ ወደቦች ሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች እ.ኤ.አ. በ2005 ቀን ላይ የሚገባና የሚወጣ ጭነት ተጨማሪ እንዲከፍል አድርገው የማታ ፈረቃ ከፈቱ፤ መኪናው ወደ ማታ ሸሸ። በኋላ ግን ቀን ለይቶ ማስከፈሉን ትተው ወደ ቀጠሮ አዘነበሉ፤ ብዙው መኪና የክፍያው ሰዓት እስኪያልፍ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና። እኛም ሞጆን የመሰሉ ደረቅ ወደቦች አሉን፤ አዲሱ የጅቡቲ ባቡርም ከፊሉን ጭነት ይሸከማል።

ከሁሉ የተረሳው መጠበቂያው ነው ባይ ነኝ። ሲራራ የሚያርፈው ውሃና ግጦሽ ባለበት ነበር። ጅቡቲ ውስጥ ፒኬ 12 ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሹፌር፣ በጋው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከተሳቢው ሥር ሰሌን አንጥፎ ጥላው በዞረ ቁጥር አብሮ ይዞራል። ረዳቱ ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሄዷል። ትራንዚተሩ ደውሎ «ዛሬ ወይም ነገ» ብሎታል። ከቤት ሲደወልለትም የሚመልሰው ያንኑ ነው። ቁርጥ ያለ ሰዓት ቢነገረው ግን ሌሊቱን ተኝቶ ያድርና ያንን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት ዓይኑ ሳይከደን ይነዳ ነበር።