ጭራው ይነሳ፣ ሙሽራዋ ትጨፍር

ከኋላ መሬት ላይ የሚጎተት ረጅም ጭራ ያለው ቬሎ የሚያምረው ሙሽራዋ ቀስ ብላ ስትራመድ ነው። ከበሩ እስከ መድረኩ ባለው ምንጣፍ ላይ ጨርቁ ይዘረጋል፤ እንግዳው ተነስቶ ያያል፤ ፎቶ አንሺው ደረጃ ላይ ዘርግቶ ያነሳዋል። ይህ ሁሉ ቢደመር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የሠርጉ ቀን ግን ረጅም ነው። መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት፣ መናፈሻ ውስጥ መዘዋወር፣ ሽማግሌ ሲመጣ መነሳት፣ ኬክ መቁረጥ፣ ከሁሉም በላይ መጨፈር አለ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ጭራው ይረገጣል፣ ይቆሽሻል፣ ይቀደዳል። ሙሽራዋም አንድ እጇን ለጨርቁ ሰጥታ ትውላለች።

ለዚህ የተገኘው መላ በውጭ አገር የሙሽራ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ባስል ይባላል። ጭራው አይቆረጥም። በትንንሽ ቁልፎች፣ በክር ቀለበቶች ወይም በጥብጣቦች ወደ ላይ ተሰብስቦ ከቀሚሱ ዙሪያ እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ሥነ ሥርዓቱ እንዳለቀ ሚዜዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያነሱታል፤ ካስፈለገም መልሰው ይፈቱታል። አንዱ ቬሎ ለሁለት አገልግሎት ይበቃል ማለት ነው።

የጭራው ታሪክ ከቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች የጭራ ርዝመት የማዕረግ ምልክት ነበር፤ ጨርቅ ውድ በነበረበት ዘመን መሬት ላይ የሚጎተት ሐር ማባከን የሚችል ባለጸጋ ብቻ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1840 ሲያገቡ የለበሱት ነጭ ሳቲን 5.5 ሜትር ገደማ የሚሆን ጭራ ነበረው፤ ያንን የያዙት 12 ሚዜዎች ነበሩ። ነጭ የሙሽራ ልብስ በዓለም እንዲስፋፋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው ሠርግ ነው። ዳያና ስፔንሰር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1981 ልዑል ቻርልስን ስታገባ ደግሞ ጭራዋ 7.6 ሜትር ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ የሐር ታፍታ በሠረገላው ውስጥ ታጭቆ ስለመጣ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ደጃፍ ስትወርድ ልብሱ ተጨማድዶ መታየቱን ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ኬት ሚድልተን እ.ኤ.አ. በ2011 በ2.7 ሜትር ጭራ ተሞሽራ ማታ ሌላ ነጭ ቀሚስ ቀየረች። አቅም ላለው ሁለተኛ ቀሚስ መቀየር አንድ መንገድ ነው፤ ለብዙኃኑ ሙሽራ ግን መንገዱ ባስል ነው።

የአሠራሩ ሐሳብ የመጣው ከ19ኛው መቶ ዘመን የሴቶች ፋሽን ነው። እስከ 1860ዎቹ አጋማሽ የነበረው ዙሪያውን የተነፋ ቀሚስ እየቀረ ሲሄድ፣ ትርፉ ጨርቅ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ከወገብ በታች መቆለል ጀመረ። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ይህን ክምር በሽቦና በፈረስ ጸጉር በተሠራ ድጋፍ አቁመው ይለብሱት ነበር። የቀሚሱን ውስጥ ገልጦ ላየ፣ ጨርቁን ወደ ላይ ስበው የያዙ ጥብጣቦች ተደርድረዋል። ዛሬ ሰፊዎች ለሙሽራ የሚሠሩት የዚያው ብልሃት ቀለል ያለ መልክ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው አሜሪካዊው ነው፤ ጭራው ወደ ውጭ ተነስቶ በቀሚሱ ጀርባ ላይ በተተከሉ ቁልፎች ላይ ይንጠለጠላል። ለመሥራትም ለማንሳትም ቀላሉ ይህ ነው፤ በዳንቴል የተጌጠ ጠርዝ ካለ ጌጡ ከላይ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ነው፤ ጨርቁ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከሥር በጥብጣብ ይታሰራል፤ ከውጭ የሚታየው ሞገድ የመሰለ ሽንሽን ብቻ ነው። ጥብጣቦቹ ብዙ ስለሆኑ ሰፊዎች በቀለም ወይም በቁጥር ጥንድ ጥንድ አድርገው ይለዩዋቸዋል፤ አንዷ ሚዜ ቀሚሱ ሥር ገብታ ቀይን ከቀይ፣ ሰማያዊን ከሰማያዊ ታስራለች። ሦስተኛው የዳንስ አዳራሽ ባስል የሚባለው ነው፤ በወገቡ ዙሪያ በብዙ ነጥቦች ስለሚያዝ ቀሚሱ መጀመሪያውኑ ጭራ ያልነበረው ይመስላል። ብዙ ሥራ ይፈልጋል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። አራተኛው ኦስትሪያዊው ነው፤ በጀርባው መካከል ባለው ስፌት ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ቀለበቶች ውስጥ ገመድ ያልፋል፤ ገመዱ ሲሳብ ጨርቁ እንደ መጋረጃ ተሸብሽቦ ይወጣል።

የትኛውም ይመረጥ፣ መሠረቱ አንድ ስሌት ነው። ከወገብ እስከ ወለል 105 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ቀሚሱ ከኋላ እስከ ጭራው ጫፍ 195 ቢደርስ፣ ትርፉ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰፊው ቁልፉን ከወገብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ከተከለ፣ ቀለበቱን ከቁልፉ 90 ሴንቲ ሜትር ወረድ ብሎ ይሰፋዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ትርፉ በሙሉ እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል፤ የጭራው ጫፍ ልክ ወለሉን ነክቶ ይቆማል። በጎንና በጎን ያሉት ነጥቦች ደግሞ ጭራው ወደ ዳር እያጠረ ስለሚሄድ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ልክ አላቸው። በአንዱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከተሳሳቱ ጠርዙ ይዛነፋል። ስለዚህ ጎበዝ ሰፊ በሜትር ብቻ አይተማመንም፤ ሙሽራዋን አቁሞ በስፒል እየያዘ፣ ራቅ ብሎ እያየ፣ እንደገና እየፈታ ይሠራል።

ቀጣዩ ጥያቄ ክብደት ነው። ዶቃና ዳንቴል የበዛበት የሳቲን ጭራ ከባድ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ቁልፍ ላይ ከተንጠለጠለ አንዲት ጫማ ስትረግጠው ክሩ ይበጠሳል፤ አንዳንዴም ክሩ ጸንቶ ጨርቁ ይቀደዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ መፍትሔው ሸክሙን ማካፈል ነው። ለቀላል ጭራ አንድ ወይም ሦስት ነጥብ ሊበቃ ይችላል፤ ለከባዱ አምስት፣ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ ትንሽ ጠንካራ ቁራጭ ጨርቅ ይደገፋል፤ ቁልፉም ላይኛውን ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ገበሩንም ይዞ ይሰፋል። ቱል ስስ መረብ ስለሆነ ብቻውን ቁልፍ አይሸከምም፤ ሰፊው ዳንቴል የተለጠፈበትን ቦታ ይፈልጋል ወይም ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ይይዛል። ሳቲን ደግሞ መርፌ የገባበትን ቀዳዳ ስለሚያሳይ የቁልፉ ቦታ ሳይታሰብበት አይወጋም።

የሥራው ቅደም ተከተልም የራሱ ሕግ አለው። መጀመሪያ የፊቱ ርዝመት ይስተካከላል፤ ባስሉ የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሽራዋ ለልኬት ስትመጣ የሠርጓን ቀን ጫማ፣ የውስጥ ልብሷንና ጁፖኗን ይዛ መምጣት አለባት። ስምንት ሴንቲ ሜትር ታኮ ያለው ጫማ አድርጋ የምትሞሸር ሴት በነጠላ ጫማ ከተለካች ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ጠርዙ ዳንቴል ከሆነ ማሳጠሩም ቀላል አይደለም፤ ዳንቴሉ በጥንቃቄ ተፈትቶ፣ ጨርቁ ከሥር አጥሮ፣ ዳንቴሉ በእጅ መልሶ ይሰፋል። ይህ የቀናት ሥራ ነው። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ቬሎ ይዞ ወደ ሰፊ መሮጥ ለሁለቱም ወገን ጭንቀት ነው፤ አንድ ወር ቢቀድም ለእርማትም ጊዜ ይገኛል።

በአገራችን ከተሞች ቬሎ በአብዛኛው ይከራያል። አንዱን ቬሎ አጭርም ረጅምም ስለሚለብሰው፣ የተከራየ ልብስ ላይ መቁረጥ አይቻልም። እንግዲህ ባስል ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእኛ ነው፤ ሳይቆረጥ ይሠራል፣ ሲፈታም ልብሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በአንድ ቁልፍ ፊት ለፊት ሁለት ሦስት ቀለበቶችን በተለያየ ከፍታ መስፋት ይቻላል፤ ያው ቬሎ ለተለያየ ቁመት ያገለግላል። ቬሎ የሚያከራዩ ቤቶች ይህን አስቀድመው ቢያሠሩ የቬሎዎቻቸው ጭራ ከመቀደድ፣ ጠርዙም በእያንዳንዱ ሠርግ ከመጥቆር ይድናል። ተከራዩም ከመውሰዱ በፊት ማስፈቀድና አብሮ መነጋገር ይገባዋል።

ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሚዜዎች ተራ በተራ ጭራውን ተሸክመው ይውላሉ፤ ጭፈራው ሲሞቅ መርፌ ቁልፍ ተፈልጎ ጨርቁ በጥድፊያ ይወጋል። መርፌ ቁልፍ ለክፉ ቀን ቦርሳ ውስጥ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ጭራ ይሸከም ማለት ግን ልብሱን ማስቀደድ ነው። የእኛ ሠርግ ደግሞ ተቀምጠው የሚውሉበት ሠርግ አይደለም። እስክስታው ትከሻ ይፈልጋል፤ ጉራግኛው እግር ይፈልጋል። ሁለት ሜትር ጨርቅ የሚጎትት እግር ጉራግኛ አይጨፍርም። በማግስቱ ወይም በመልሱ ቀን የአገር ልብስ ስለሚለበስ፣ በቬሎ የሚጨፈረው ያንን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ባስሉ ከተሠራ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ የሚያነሳው ሰው መማር አለበት። የመጨረሻው ልኬት ላይ ሁለት ሚዜዎች አብረው ይሂዱ፤ ሰፊው ሲያሳይ በስልክ ይቅረጹ፤ እዚያው ራሳቸው ደግመው ይሞክሩት። ቀለበቶቹ ጠባብ ከሆኑ ትንሽ ኪሮሽ ክሩን በቁልፉ ላይ ለማጥለቅ ይረዳል። መርፌ፣ ነጭ ክርና ጥቂት መርፌ ቁልፍ ከእነሱ አይለይ። ሙሽራዋም ጭራዋ ተነስቶ ትቀመጥ፣ ትነሳ፣ ደረጃ ትውጣ፣ ትዝለል፤ የሚበጠስ ነገር ካለ ሰፊው ቤት ይበጠስ።

ቬሎ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ጭራው ምን ያህል እንደሚረዝም ነው። ከዚያ እኩል ሊጠየቅ የሚገባው እንዴት እንደሚነሳ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰፊ ዋጋው ከፍ ቢል አያስቆጭም፤ የሚሠራው ስፌት ማንም ባያየውም የቀኑን ደስታ የሚሸከመው እሱ ነውና። ሙሽራ በገዛ ሠርጓ ላይ ቆማ ተመልካች መሆን የለባትም፤ ሁለት እጇ ነፃ ሆኖ እናቷን አቅፋ፣ ከእኩዮቿ ጋር ክብ ሠርታ መጨፈር መብቷ ነው።