ጥያቄ የማይቀበል ትምህርት ቤት

በዚህ ግቢ ከምንገኘው ብዙዎቻችን፥ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ትምህርቱ በራዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። የከተማው ልጅ የመምህሩን ማስታወሻ በስልኩ ሲቀበል፥ የገጠሩ ልጅ ወደ እርሻውና ወደ ከብቱ ተመለሰ። ስለዚህ ዛሬ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ትምህርት ወሬ ሲነሣ፥ ግማሻችን «ሞክረነዋል፤ አይረባም» እንላለን። ነገር ግን የሞከርነው እርሱን ነበርን?

ነገሩ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። በአውስትራልያ በረሃ መካከል፥ አሊስ ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 «የአየር ትምህርት ቤት» ተከፈተ። ተማሪዎቹ እጅግ ተራርቀው በከብት እርባታ ስፍራ የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። በአውሮፕላን እየተዘዋወሩ በሽተኛ የሚረዱት ሐኪሞች በሚገናኙበት ራዲዮ ትምህርቱ ይተላለፍላቸው ጀመር። መጀመሪያ ተናጋሪው መምህሩ ብቻ ነበረ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን በትምህርቱ መጨረሻ ተማሪው የሚጠይቅበት ጊዜ ተጨመረ። የነገሩ ሥር ከዚህ ላይ ነው እንላለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ፕላዝማ የሚባለው መጣ። በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ይገባ ነበር። የክፍሉ መምህር በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል። ማሽኑ «መልሱን ጻፉ» ይልና ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሣ መልሱን ይናገራል። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ታላላቆቻችን ይኸን እየሣቁ ያወሩልናል፤ በዚያ ፊዚክስ የወደቀው ግን አይሥቅም።

በአሜሪካ፥ በፍሎሪዳ፥ በ1997 የተጀመረው የመንግሥት የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ያዘ። መምህሩ ለተማሪውና ለወላጁ ስልክ ይደውላል። ትምህርት ቤቱም ገንዘብ የሚያገኘው ተማሪው ስለ ተመዘገበ ሳይሆን ትምህርቱን በሚገባ ሲፈጽም እንዲሆን ተደረገ። እንግዲህ ተማሪ ሲጠፋ ፈላጊ አለው ማለት ነው። ያም ሆኖ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለብቻው ከማሽን ፊት ሲቀመጥ፥ ተነሥ የሚለው ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ይተኛል። (እኛም በሃያ ዓመታችን እንተኛለን።)

መሣሪያ አጥተን ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ለገጠሩ ጓደኛችን እውነት ነው፤ መብራትም ስልክም አልነበረውም። ለከተማው ግን አይመስለንም። ከእኛ አንዱ በ2012 ዓ.ም. የሒሳብ ጥያቄ ሊልክ የትምህርት ቤቱን ቴሌግራም ቢከፍት፥ እንዲጽፍ የተፈቀደለት መምህሩ ብቻ ሆኖ አገኘው። መልእክት ሊቀበል የሚችለውን መሣሪያ መልሰው ፕላዝማ አድርገውት ነበር። ጥያቄውን በደብተሩ ጀርባ ጻፈው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ክፍሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ አልፎ ነበር።