ነገርን በወግ ማቅረብ ለነጋዴ ያለው ጥቅም

በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ብልህ ሻጭ ዋጋ ለመጥራት አይቸኩልም። ነጠላውን ዘርግቶ ጥለቱን ወደ ብርሃን ያወጣል፤ የሸማኔውን ድካም ይተርካል፤ ከዚያም ገዥው እስኪጠይቀው ድረስ ዝም ይላል። ይህ የተዋናይ ጥበብ ነው።

ንግድና ቴአትር የተራራቁ ሙያዎች አይደሉም፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በአውሮፓ የቴአትርን ጥበብ ከማጥናታቸው አስቀድሞ የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ።

እኔም በጸሐፊነቴ በደብዳቤ ላይ ዋጋ ብቻ ደርድሬ አሠሪዬን አንድ የውጭ አገር ደንበኛ አሳጥቻቸዋለሁ። ዛሬ ግን ዕቃው ከማን እጅ እንደ ወጣ በመግለጽ እጀምራለሁ።

ነገር ግን ታሪኩ እውነት ይሁን። የፋብሪካ ጨርቅን የእጅ ሥራ ነው ብሎ የሚተርክ ነጋዴ አንድ ቀን ይሸጣል፤ መልካም ስሙን ግን ለዘለዓለም ያጣል።