ስሙን ከዕረፍቱ ያገኘ ልምምድ

ኢንተርቫል የሚባለው ልምምድ ብርቱና ቀላል እንቅስቃሴን በተወሰነ ጊዜ ወይም ርቀት እያፈራረቁ የሚሠሩት የልብና የሳንባ ስፖርት ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በአንድ ፍጥነት ሶምሶማ መሮጥ ኢንተርቫል አይባልም። በዚያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ዘግየት እያሉ መደጋገም ግን ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ በሁለት ነገሮች መካከል ያለን ክፍተት ያመለክታል፤ ስያሜው የወጣው ለሩጫው ሳይሆን በሩጫና በሩጫ መካከል ላለው ፋታ ነው። ልምምዱ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው ላብና ማለክለክ ነው። ቀማሪዎቹ ግን ከሁሉ አስበልጠው ያሰቡበት ፋታውን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጀርመን አሠልጣኙ ቮልዴማር ጌርሽለርና የልብ ሐኪሙ ሄርበርት ራይንዴል የሯጮችን የልብ ምት እየቆጠሩ ልምምድ መቀመር ጀመሩ። ሯጩ አጭር ርቀት በፍጥነት ሮጦ ልቡ በደቂቃ ወደ 180 እንዲመታ ይደረጋል፤ ከዚያ ምቱ ወደ 120 እስኪወርድ ይጠበቃል። በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ከወረደ ይደግማል። ካልወረደ ግን ወይ ሩጫው በዝቷል፣ ወይ የዕለቱ ሥራ በቅቷል ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ልብ የሚጠነክረው በሩጫው ሳይሆን በፋታው ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ምቱ እየቀነሰ ደሙ ግን ወደ ልብ በብዛት መመለሱን ስለማያቆም፣ ልብ በእያንዳንዱ ምት ይበልጥ ይሞላል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ዛሬ ሩጫውም የራሱ ድርሻ እንዳለው ይታወቃል፤ ቢሆንም የልብ ምትን መመለስ መለኪያ ማድረጋቸው እስካሁን አላረጀም። የጌርሽለር ሯጭ ሩዶልፍ ሃርቢግ በ1939 ሚላን ላይ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ46.6 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን በ1.8 ሴኮንድ አሻሻለ። ክብረ ወሰኑ እስከ 1955 ድረስ ሳይደፈር ቆየ።

በዚያው ዘመን ስዊድናዊው አሠልጣኝ ዮስታ ሆልሜር ሰዓትም የልብ ምት ቆጠራም የማይፈልግ ሌላ መንገድ አመጣ። ፋርትሌክ የሚባለው ይህ ልምምድ በስዊድንኛ «የፍጥነት ጨዋታ» ማለት ሲሆን፣ ሯጩ በጫካ መንገድ እንደ ስሜቱና እንደ መሬቱ አቀማመጥ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ ደግሞ 400 ሜትርን በአንድ ቀን ብዙ አሥር ጊዜ እየደጋገመ፣ በመካከሉ በዝግታ እየሮጠ ይለማመድ ነበር። በ1952 የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የ5,000 ሜትር፣ የ10,000 ሜትርና የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ የዓለም አሠልጣኞች ሁሉ ወደዚህ ልምምድ ፊታቸውን አዞሩ። የማራቶኑ ሩጫ ለእሱ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

ፋታው ይህን ያህል የሚጠቅምበት ምክንያት በሰውነት ውስጥ ነው። ፈጣኑ ዙር ሲጀመር ጡንቻ የሚፈልገውን ኦክስጅን ወዲያው አያገኝም፤ ልብና ሳንባ ፍላጎቱን እስኪደርሱበት አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ጡንቻው በውስጡ ካለው ፎስፎክሬቲን ከተባለ ፈጣን ስንቅና ካከማቸው ስኳር እየወሰደ ይሠራል። ይህ እንደ ብድር ነው፣ የሚከፈለውም በፋታው። ሯጩ ቆሞ እያለ እንኳ የሚያለከልከው ዕዳውን እየከፈለ ስለሆነ ነው። የፎስፎክሬቲኑ ግማሽ ያህል በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይተካል፤ አብዛኛው ለመመለስ ግን ጥቂት ደቂቃዎች ያስፈልጉታል። የፋታው ርዝመት የልምምዱን ጠባይ የሚለውጠውም በዚህ ምክንያት ነው። አጭር ፋታ ኦክስጅን አመላላሹን ሥርዓት፣ ማለትም ልብን፣ ሳንባንና ደምን ሥራ ያበዛበታል። ረጅም ፋታ ደግሞ ቀጣዩን ዙር በሙሉ ፍጥነት ለመሮጥ ዐቅም ይሰጣል።

በዚህ መካከል ብዙ የሚወቀሰው ላክቲክ አሲድ ነው። ጡንቻ በጥድፊያ ሲሠራ የሚያመነጨው ላክቴት ግን ዝቃጭ ሳይሆን ልብና ሌሎች ጡንቻዎች መልሰው የሚያቃጥሉት ነዳጅ ነው። በፋታው ጊዜ ከመቀመጥ ይልቅ ዘና ብሎ መራመድ የሚመረጠው፣ የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ላክቴቱን ቶሎ ስለሚጠቀምበት ነው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያስቸግረው የእግር ሕመምም የላክቲክ አሲድ ሥራ አይደለም። እሱ የሚመጣው ጡንቻ ባልለመደው ጫና ጥቃቅን ጉዳት ሲደርስበት ነው፤ በተለይ ቁልቁለት መሮጥ ያባብሰዋል።

ልብን በከፍተኛ ዐቅሙ አጠገብ ለረጅም ጊዜ ማሠራት የሚቻለው ቆራርጦ ብቻ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ሳያርፍ በዚያ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ነው። በኖርዌይ ትሮንድሄም ከተማ የተስፋፋው «አራት በአራት» የተባለው ልምምድ ይህን ችግር ይፈታል። ከአሥር ደቂቃ ማሟሟቂያ በኋላ ከከፍተኛው የልብ ምት 90 እስከ 95 በመቶ በሚያደርስ ፍጥነት አራት ደቂቃ ይሠራል፤ ቀጥሎ ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይኬዳል፤ ይህ አራት ጊዜ ይደገማል። ሰውዬው በአንድ ቀን 16 ደቂቃ ከዐቅሙ ጣሪያ አጠገብ ቆየ ማለት ነው። በ2007 የታተመ የትሮንድሄም ተመራማሪዎች ጥናት ይህንና ሌሎች የልምምድ ዓይነቶችን በተመጣጣኝ የሥራ መጠን አወዳድሯል። ከስምንት ሳምንት በኋላ አራት በአራት የሠሩት ወጣቶች የኦክስጅን ዐቅም፣ ማለትም ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን፣ 7 በመቶ ያህል ሲያድግ፣ ቀስ ብለው ረጅም የሮጡት ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም። ሳምንታት ሲያልፉ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻ ሴሎች ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎችም ይበዛሉ።

በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ጊባላና ባልደረቦቹ የያዙት ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ትንሹ የሚበቃው መጠን ስንት ነው? በ2016 ባሳተሙት ጥናት ስፖርት የማይሠሩ ወንዶች በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ሴኮንድ ባላቸው ኃይል ሁሉ ነዱ፤ በመካከሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ በዝግታ። ከማሟሟቂያውና ከመጨረሻው ማብረጃ ጋር በድምሩ አሥር ደቂቃ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለ12 ሳምንት ከሠሩ በኋላ የልብና የሳንባ ዐቅማቸው 45 ደቂቃ በመጠነኛ ፍጥነት ይነዱ ከነበሩት ጋር ተመሳሳይ እድገት አሳየ፤ ሁለቱም ወደ 19 በመቶ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ነበሩና ውጤቱን ለሁሉም ሰው እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም። ሆኖም «ጊዜ የለኝም» የሚለውን ምክንያት ክፉኛ አዳክሞታል።

በጂሞች ስሙ በጣም የሚነሣው ታባታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለቦታው። ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታ በ1996 ያሳተመው ልምምድ 20 ሴኮንድ ሥራ፣ 10 ሴኮንድ ፋታ ሆኖ ሰባት ስምንት ጊዜ የሚደጋገም ነው፤ ፍጥነቱ ግን ሰውነት በኦክስጅን ብቻ ሊሸከም ከሚችለው ጣሪያ 170 በመቶ ነበር። ስምንተኛው ዙር ላይ ወጣት ስፖርተኞች እንኳ ፔዳሉን ማዞር ያቅታቸዋል። በሙዚቃ ታጅቦ፣ እየተሳሳቁ የሚሠራው አራት ደቂቃ ጥሩ እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል፣ ታባታ ግን አይደለም።

ለብዙው አንባቢ የሚቀርበው በጃፓን ማትሱሞቶ፣ በሺንሹ ዩኒቨርሲቲ በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች የተሞከረው ነው። ሩጫ የለበትም። ሦስት ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ሦስት ደቂቃ በዝግታ፣ ቢያንስ አምስት ጊዜ መድገም፣ በሳምንት አራት ቀን ወይም ከዚያ በላይ። ከአምስት ወር በኋላ የእነዚህ ሰዎች የጭን ጡንቻና የኦክስጅን ዐቅም ጨምሮ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሳያቋርጡ በመጠነኛ ፍጥነት ይራመዱ የነበሩት ግን ያን ያህል አላተረፉም።

«ፈጣን» የሚለው ቃል ከሰው ሰው ስለሚለያይ መለኪያ ያስፈልጋል። የተለመደው ዘዴ ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው፤ የ40 ዓመት ሰው ከፍተኛ የልብ ምቱ 180 ይሆናል፣ 90 በመቶው 162። ይህ ስሌት ግን የአማካይ ስሌት ነው፤ በአንድ ሰው ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ምት ሊስት ይችላል። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብ ምትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ከሰዓትና ከስሌት ይልቅ የሚታመነው ንግግር ነው። በቀላሉ እንቅስቃሴ ጊዜ ወግ መጠረቅ ይቻላል፤ በፈጣኑ ዙር ከሁለት ሦስት ቃል በላይ አይወጣም፤ በፋታው መጨረሻ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልተቻለ ፋታው አልበቃም።

ቀድሞ ሶምሶማ ወይም ፈጣን እርምጃ የለመደ ሰው በሳምንት ከሚሠራባቸው ቀናት አንዱን በኢንተርቫል ቢለውጥ ለጅምር ይበቃል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ቀን መጨመር ይቻላል፤ በሁለቱ መካከል ግን ቢያንስ 48 ሰዓት ይተዋል። ለጀማሪ አንድ ደቂቃ ፈጣን፣ ሁለት ደቂቃ ዝግ፣ ስድስት ዙር ደኅና መነሻ ነው። መጀመሪያ የሚጨመረው የዙሩ ብዛት፣ ቀጥሎ የዙሩ ርዝመት፣ በመጨረሻ ፍጥነቱ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በሁለት በኩል ነው፦ የመጀመሪያውን ዙር እንደ ውድድር ሮጠው ሦስተኛው ላይ ያልቃሉ፤ ወይም በቀላሉ ቀን አለልክ እየፈጠኑ ለብርቱው ቀን ድካም ይዘው ይመጣሉ። የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ያጠናው ስቲቨን ሳይለር እንዳመለከተው፣ በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩት እንኳ ከአምስት የልምምድ ቀናት አራቱን ያህል የሚሠሩት በቀላል ፍጥነት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚሠለጥኑ አትሌቶችን ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። በእንጦጦ ጫካ ተከታትለው፣ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ከኋላ የሚመጣ የሰፈር ስፖርተኛ ሊያልፋቸው የሚችል ይመስላል። ፍጥነቱን ለሌላ ቀን አስቀምጠውታል።

ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። መለስተኛ ዳገት ካለ ሽቅብ መውጣቱ ፈጣኑ ዙር፣ ቁልቁል በእርምጃ መመለሱ ፋታው ይሆናል፤ ዳገት ፍጥነትን ስለሚገድብ ለጉልበትም ይራራል። ማለዳ በመስቀል አደባባይ እርከኖች ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጠው ሕዝብ ወደ ላይ ሲወጣ ፈጥኖ፣ አግድም ሲሄድ ቢዘገይ ያው ኢንተርቫል ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃም ይሠራል፤ የማክማስተር ተመራማሪዎች በደረጃ ላይ ሃያ ሃያ ሴኮንድ ሦስት ጊዜ በጥድፊያ የወጡ ስፖርት ያልለመዱ ሴቶች በስድስት ሳምንት ዐቅማቸው መጨመሩን አይተዋል። ገመድ ዝላይ፣ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሁሉም ይሆናሉ።

ከፍታን ግን መዘንጋት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ከጅዳ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ሰው የለመደውን ፍጥነት ሲሞክር ልቡ ይበልጥ ይመታል፣ ትንፋሹም ለመመለስ ይዘገያል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርምጃ አሳልፎ፣ ኢንተርቫሉን ሲጀምር ፋታውን ማርዘም ይኖርበታል። በጾም ወቅትም ብርቱው ልምምድ ውኃና ምግብ በሌለበት ሰዓት ባይሆን ይመረጣል፤ የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ ለተመሳሳይ ሥራ የልብ ምት ይጨምራል።

ደኅንነቱን በተመለከተ በ2012 የታተመ የኖርዌይ ጥናት የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 4,846 ሰዎች ተከታትሏል። በክትትል ስር ከተሠራ 175,820 ሰዓት ልምምድ ውስጥ የልብ መቆም የደረሰው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ በብርቱው ልምምድ ጊዜ፣ አንዱ በመጠነኛው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ባለሙያ በአጠገባቸው እንደነበር መታወስ አለበት። የልብ ሕመም፣ ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የልብ መዝለል ከመጣ ልምምዱ ወዲያው ይቆማል።

ስለ ውፍረት የሚነገረው ግን ተጋኗል። ሰውነት ከኢንተርቫል በኋላ ለሰዓታት ስብ ያቃጥላል የሚባለው እውነት ቢኖረውም መጠኑ ጥቂት ነው፤ ስብ በመቀነስ በኩል ከረጅሙ ሶምሶማ እምብዛም አይለይም። ዕድሜ ያረዝማል የሚለውም ገና አልተረጋገጠም፤ በትሮንድሄም በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ 1,567 ሰዎችን ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት በሞት መጠን ላይ በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ልዩነት አላገኘም።

ለውጡ መጀመሪያ የሚታየው በፋታው ነው። ዙሩ እንዳለቀ የልብ ምትን ቆጥሮ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ መቁጠርና ልዩነቱን በየሳምንቱ መጻፍ ይቻላል። ሐኪሞች በትሬድሚል ምርመራ መጨረሻ ላይ ይህንኑ ያያሉ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ከ12 በላይ አለመውረዱ እንዲጠነቀቁ ያደርጋቸዋል። በወጉ በሚለማመድ ሰው ላይ ግን በስድስት ስምንት ሳምንት ውስጥ ምቱ ከበፊቱ ፈጥኖ መውረድ ይጀምራል፤ ያኔ ሁለት ደቂቃ የነበረውን ፋታ ወደ አንድ ተኩል ማሳጠር ይቻላል።