«ስንት ነው?» ለሚልዎት ተመልካች

የሚያሰፉትን የሐበሻ ቀሚስ በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ በቀጥታ ስርጭት ለመሸጥ አስበዋል? እንግዲያውስ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ይምረጡ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዱባይ 3 ሰዓት ነው፤ ዋሽንግተን ደግሞ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት፣ የምሳ ሰዓት ነው። ለእናቷ የበዓል ቀሚስ የምትፈልግ ልጅ ያን ጊዜ ታገኝዎታለች።

ስልክዎን ሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፤ መብራት ቢጠፋ ፓወር ባንክ፣ ዋይፋይ ቢቋረጥ የሞባይል ዳታ ይኑርዎት። በመሃል የሚገባ ጥሪ ስርጭቱን እንዳያቋርጥ ስልኩን «አትረብሹኝ» ላይ ያድርጉት። ቢጫ አምፖል የጥለቱን ቀለም ስለሚቀይር ነጩ ይሻላል። የልጆችዎ ፎቶና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከኋላዎ እንዳይታይ ይጠንቀቁ። ጥያቄዎችን በሌላ ስልክ የሚያነብልዎት ሰውም ይመድቡ።

ዋናው ግን ዋጋው ነው። በማርኬቲንግ ሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው መልስ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ነው። ተመልካች ይህን ሲሰማ «ሰው አይተው ነው የሚጠሩት» ብሎ ይጠረጥራል። ሁሉም እየሰማ ሲጠሩት ግን ለአንዱ የተባለው ለሁሉም ይሆናል። አዲስ ተመልካች በየደቂቃው ስለሚገባ ዋጋውን ይደጋግሙት። ጥለቱ ላይ እንከን ካለም ራስዎ ቀድመው ያሳዩ። ለውስጥ መስመር የሚተወው የደንበኛዎ ስልክና አድራሻ ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነውና፣ ዛሬ የጠሩትን ዋጋ ነገ ደውላ ለምትጠይቅዎትም ይጠብቁላት።