ጭነት አድራሹ ክር

ጤፍ ዘርተን ጤፍ እናጭዳለን። ላማችን የምትወልደው ጥጃ ነው እንጂ ግልገል አይደለም። ይህ ለምን ይሆናል? ሰውም ሆነ እንስሳ፣ ተክልም ቢሆን፣ ሕዋስ ከሚባሉ በጣም ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ሥራውን የሚመራ ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ ዘረ መል ይባላል።

አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ አንዱ ዘረ መል የተበላሸበት ይሆናል። ለምሳሌ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሰው አለ። ሲቆስል መድማቱ አልቆም ይለዋል። ታዲያ ጤናማውን ዘረ መል ወደ ሕዋሱ ብናስገባለትስ? ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ማድረሱ ላይ ነው።

በባትሪ ድንጋይ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አይተናል። ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ፤ አንድ ዓይነቶቹ ይገፋፋሉ። ዘረ መል ያለበት ረጅም ክር ዲ.ኤን.ኤ. ይባላል። እሱም የሕዋሱም ገጽ ከመቀነስ ወገን ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ተሸካሚ ያስፈልጋል።

ተመራማሪዎች በሽታ እንዳያመጣ አድርገው ያዘጋጁትን ቫይረስ ተሸካሚ አደረጉት። ሰውነታችን ግን ቫይረስን እንደ ጠላት ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በእንዲህ ያለ ሙከራ ላይ የነበረ የ18 ዓመት ወጣት ሞተ። ሰውነቱ ተሸካሚውን ቫይረስ ክፉኛ በመዋጋቱ ነበር።

ሌላው ተሸካሚ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት ትናንሽ ቅንጣቶች እንደ ጨሌ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ጀሪካናችንም የተሠራው ከፖሊመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በፈረንሳይ አገር፣ በስትራስቡርግ ከተማ፣ ዣን ፖል ቤርና ባልደረቦቹ ፖሊኤቲሊኒሚን የተባለውን ፖሊመር ለዚህ ሥራ አዋሉት። ይህ ፖሊመር ከመደመር ወገን ስለሆነ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ስቦ ይጠቀልለዋል። አንድ ሚሊሜትር ለ10,000 ቢከፈል የጥቅሉን መጠን ያህላል።

ሕዋሱ ጥቅሉን በትንሽ ከረጢት ውስጥ ይውጠዋል። እዚያ ከቆየ በአሲድ ይበላሻል። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ ፖሊመሩ አሲዱን ሲመጥ ከረጢቱ ውሃ ሞልቶት ይፈነዳል። ይህ ማብራሪያ ዛሬም ያከራክራል። ፖሊመሩ ዘረ መልን ማድረሱ ግን የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ፖሊመር በሰውነት ውስጥ አይፈርስም፤ ሲበዛም ሕዋስ ይገድላል። አህያ ስንጭን ገመዱ ከላላ ጭነቱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ቤት ስንደርስ አልፈታ ካለ ደግሞ ምን ይረባል? የፖሊመርም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ዴቪድ ሊንና ሮበርት ላንገር ዲ.ኤን.ኤ.ን አስሮ የሚይዝ፣ በኋላም በውሃ ቀስ በቀስ የሚፈርስ ፖሊመር ሠርተው አሳዩ።

ዛሬ ፖሊመር በቤተ ሙከራ በብዛት ይሠራበታል። ለሕሙማን እንዲዳረስ ግን ገና ብዙ መፈተን አለበት። እንግዲህ መድኃኒቱን ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ሳይጎዳ የሚያደርሰውም ያስፈልጋል።